የሞጆው አማች

አዳማ፣ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዋፊቃ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። በሰው አገር ስትወጪ ስትገቢ አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። የጎደለን የአንቺ ድምፅ ነው፤ እሱንም ብትደውዪ አልሰማው። በግራ ጆሮዬ የቀረችኝ ትንሽ ነገር ነበረች፣ በኅዳር እሷም ጨርሳ ዝም አለች። ሐኪሙ "ዕድሜዎን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጡ ኖረው ሌላ ምን ጠበቁ?" ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ደብዳቤ እንጻጻፍ። እኔ በእጄ እጽፋለሁ፣ ዳሊያ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። አንቺ የምትጽፊውን ደግሞ እሷ አሳትማ ታመጣልኛለች። ልጅ የወለድነው ለዚህ አይደል?

የዳሊያን እናት፣ እቴቴሽን ፋዲላን፣ ስኳሩ አንዳንድ ቀን ይጥላታል፣ አንዳንድ ቀን ይተዋታል። ከዘመድ ሁሉ አስበልጣ የምትጠይቀው አንቺን ነው። ከእናትሽ እጅ ተቀብላ ያሳደገችሽ ስለሆነ አይፈረድባትም።

ጋራዡን ጨርሼ አልተውኩም፤ ጠዋት ጠዋት ሄጄ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አብዱልሃኪምን ታስታውሺው ይሆናል፤ ከአሶሳ መጥቶ ከእኔ ሥራ የተማረውን ልጅ። የጭነት መኪና ባሌስትራ ሲያወርድ ጣቱን ተመትቶ ፋዲላ በነጠላዋ ያሰረችለት። አሁን ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ የራሱን የከባድ መኪና ጥገና ከፍቷል። በዓል በመጣ ቁጥር ግን ከእኛ ጋር ነው። ባለፈው ሳምንት የውሃ ታንከራችንን ከጣሪያ አውርዶ አጥቦ መልሶ ሰቀለልን። ከወለድኩት አይለይብኝም።

አዲስ ቤት ልትገቢ ነው ብለሽ ነበር። ፎቶውን ላኪልን። ፋዲላ በረንዳ እንዳለውና እንደሌለው ማወቅ ትፈልጋለች።

አጎትሽ ኡበይደላ


ካሰል፣ ጀርመን፣ ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ወዓለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ለእርስዎም ለእቴቴም ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ የጋራዡ ዘይት የሸተተኝ መሰለኝ።

ቤቱ አልሆነም። ለሌላ ሰው ተሰጠ። እዚህ አገር የኪራይ ቤት ማግኘት ከባድ ነው፤ ፈላጊው ብዙ ነው፣ ቤቱ ጥቂት። እስከዚያው በድሮዋ ክፍሌ ነኝ። ሞቃት ናት፣ አያስቡ።

ሥራዬ ደህና ነው። የማስታምማቸው አረጋውያን አንዳንዶቹ ስሜን መያዝ አቅቷቸው የየራሳቸውን ስም አውጥተውልኛል። የቤት ፎቶ ስለሌለኝ በመሥሪያ ቤቴ በር ላይ የተነሳሁትን ልኬያለሁ። በረዶውን ለእቴቴ ያሳዩልኝ።

ልጅዎ ዋፊቃ


አዳማ፣ መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለዋፊቃ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ረመዳንሽን አላህ ይቀበልሽ። በጾም አፌ የምጽፍልሽ ነገር ስላለ በደንብ አንብቢው።

ይህን የምትልክልሽ ዳሊያ አይደለችም። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ጎረቤታችን ቢሊሴ ናት። መልስሽንም በእሷ በኩል ላኪ። ዳሊያ እንዳታውቅ።

ጾሙ ከመግባቱ በፊት በነበረው እሁድ ሽማግሌዎች መጡ። እኔ ስለማልሰማ ሦስቱም አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ፣ ፋዲላ ደግሞ ዓይኗን መሬት ላይ ስትተክል አያለሁ። በመጨረሻ አንደኛው የቀለበት ጣቱን አሳየኝ፤ ቀጥሎ በጣቱ ወደ ጓዳው፣ ወደ ዳሊያ ጠቆመ። ማን ላካችሁ ብዬ ጠየቅኩ። ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። አብዱልሃኪም።

ልጄ፣ እኔ በበኩሌ በልጁ ላይ ምንም የለኝም። አላህ ያውቃል። ከአንድ ትሪ በልተናል። የቤቴን ቁልፍ ሰጥቼው አቦምሳ ለቅሶ ሄጃለሁ። ሶላቱን አይተውም፣ አይጠጣም፣ አይዋሽም። ግን ዘመድ አለ። የወንድሜ ልጅ ኑዕማን ይህን ሰምቶ ከአቦምሳ ድረስ መጥቶ ጠረጴዛዬን በቡጢ መታ። ነገ የልጅ ልጆቼን ሰው ምን ብሎ ይጠራቸዋል? ያን ቃል እኔ በአፌ ጠርቼው አላውቅም። የጋራዥ ልጆች ሲጠሩት ባየሁ ጊዜ በጥፊ ብያለሁ። ቢሆንም ቃሉ በሰው አፍ ውስጥ አለ፤ እኔ የሰውን አፍ ልዘጋ አልችልም። ዳሊያም ሰላም አታገኝም። የማስበው ለእሷ ነው።

ሽማግሌዎቹን "እናስብበት" ብዬ ሸኝቻለሁ። ዳሊያ አንቺን እንደ ታላቅ እህቷ ትሰማለች። አንድ ደብዳቤ ጻፊላት። ትምህርቷን ትቀጥል፣ ይህን ነገር ትተወው። ከእኔ እንደመጣ አታስመስዪ።

አጎትሽ ኡበይደላ


ካሰል፣ ግንቦት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለቤትዎ ሰው ሁሉ። ዒዱም አለፈ፣ እኔም ዘገየሁ። ይቅር ይበሉኝ። ጀምሬ የቀደድኩት ብዙ ነው።

ለዳሊያ የጠየቁኝን አልጻፍኩም። ለምን እንዳልጻፍኩ እነግርዎታለሁ።

በጥር "ቤቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ" ብዬዎት ነበር። እቴቴ እንዳታዝን ብዬ አሳጠርኩት እንጂ ነገሩ እንዲህ ነበር። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። በስልክ ተነጋገርን፣ ጀርመንኛዬን አመሰገኑ፣ ቅዳሜ ነይ አሉኝ። በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው ለአንድ አፍታ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ፈገግ ብለው አስገቡኝ። ሻይ አፈሉልኝ። ኬንያ እንደሄዱ፣ እዚያ ላለ ትምህርት ቤት በየዓመቱ መጻሕፍት እንደሚልኩ አጫወቱኝ። ያችን የፊት ለውጥ ስላየሁ "እኔ እኮ ኢትዮጵያዊት ነኝ፣ እኛ ከሌሎቹ ትንሽ እንለያለን" አልኳቸው። ከማን ነው የምንለየው፣ አጎቴ? ይህን ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም፤ ከአፌ ግን ሳላስበው ነው የወጣው።

ሻዩን ስንጨርስ እጃቸውን አጣጥፈው "እኔ በበኩሌ ምንም የለኝም" አሉኝ። "ግን ከላይም ከታችም ያሉት ጎረቤቶች አሮጌ ሰዎች ናቸው። አንቺም ሰላም አታገኚም። የማስበው ለአንቺ ነው።" ኮቴን ራሳቸው አለበሱኝ፣ እስከ ደረጃው ሸኙኝ። ሰኞ ዕለት ጀርመናዊቷ የሥራ ባልደረባዬ ሳቢነ ደወለችላቸው። ቤቱ አልተያዘም፣ መቼ መጥተሽ ታዪዋለሽ አሏት።

አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ገጠመኝ ብዬ እረሳው ነበር። እሳቸው ክፉ አይደሉም። ራሳቸውም በልባቸው ውስጥ ፈልገው ጥላቻ ስላላገኙ ነጻ ነኝ ብለው የሚተኙ ይመስለኛል።

የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰኝ ባቡር ውስጥ ነው። "እኔ በበኩሌ ምንም የለኝም" የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ደግሜ አነበብኩት። መውረጃዬም አለፈኝ።

አጎቴ፣ እባክዎ ልጆቹን ይዳሯቸው።

ልጅዎ ዋፊቃ


አዳማ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዋፊቃ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ሰኔ መግቢያ ላይ አንብቤ እስካሁን መልስ ያልሰጠሁት ተቆጥቼ ስለነበር ነው። አሁንም አልበረደልኝም።

ከዚያ ጀርመናዊ ጋር በአንድ ሚዛን አስቀመጥሽኝ። የነጭ ዘረኝነትና የእኛ ነገር ምን አገናኘው? ዘረኝነት ማለት ነጭ ጥቁሩን ሲንቅ ነው። እኔም ጥቁር፣ እሱም ጥቁር፤ ወደ አንድ ቂብላ እንሰግዳለን። የእኛ የዘመድ ጉዳይ ነው፣ የአጥንት ጉዳይ። ከአባት ከአያት የመጣ ነው፤ እኔ አልፈጠርኩትም። ያ ሰውዬ ደግሞ አያውቅሽም፤ ቢያውቅሽ እንዲህ አያደርግም ነበር። እኔ አብዱልሃኪምን አውቀዋለሁ። ያ ሰው በሩን ዘጋብሽ፤ እኔ በሬን ለስድስት ዓመት ከፍቼለታለሁ።

አሁን የሆነውን ስሚ። ልጆቹ ሞጆ ያለው ቃዲ ዘንድ ሄዱ። አባት ያለ በቂ ምክንያት ልጁን አልድርም ካለ ቃዲው በአባት ፈንታ ሊድር ይችላል። አስጠሩኝ። እንደማልሰማ ስለተነገራቸው ወረቀትና እስክሪብቶ ከፊቴ አደረጉ። "ልጅህን ለዚህ ሰው የማትሰጥበትን ምክንያት ጻፍ" ይላል። እስክሪብቶውን ያዝኩ። ሃይማኖቱን ልጽፍ አልችልም፣ ከእኔ ይሻላል። ጠባዩን ልጽፍ አልችልም። ሥራ የለውም ልል አልችልም፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። "ዘመድ አይፈቅድም" ብዬ ጻፍኩ። ቃዲው አንብበው ከሥሩ "ይህ ምክንያት አይደለም" ብለው መለሱልኝ። ዳሊያ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። አንድ ጊዜም ቀና ብላ አላየችኝም።

ኒካሑ በሦስተኛው ቀን ታሰረ። ፋዲላ ራሷን አሟት እህቷ ቤት ተኝቼ ዋልኩ ብላኛለች። እኔ ጋራዥ ነበርኩ።

ከእንግዲህ የዚያችን ልጅ ስም በደብዳቤሽ አታንሺብኝ።

ኡበይደላ


ካሰል፣ ነሐሴ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምና ዕረፍት ለልብዎ እመኛለሁ። ስሟን አላነሳም።

"ቢያውቅሽ እንዲህ አያደርግም ነበር" ብለውኛል። እኔም ለብዙ ጊዜ ያሰብኩት እንደዚያ ነው። የሚጠሉን ስለማያውቁን ነው፤ ካወቁን ይወዱናል፣ ከወደዱን አበቃ፣ ነገሩ ያልቃል። እርስዎ ግን አብዱልሃኪምን ያውቁታል። ይወዱታልም። ፍቅርዎ የት ድረስ አደረሰው? እስከ ትሪው፣ እስከ ታንከሩ፣ እስከ ጋራዡ። ከዚያ በኋላ ያለው በር ላይ ሲደርስ ፍቅሩ በየት እንደሚገባ አላገኘም።

ስለ አጥንት ጽፈዋል። እኔ የሰው አጥንት የማነሳ የማስተኛ ሰው ነኝ። የነጩም የጥቁሩም አጥንት ሲሰበር የሚታሰረው በአንድ ዓይነት ነው። የቀረውን የጨመረው ሰው ነው፤ ሰው የጨመረውን ሰው ሊያነሳው ይችላል።

አስቀይሜዎት ከሆነ በእቴቴ ይሁንብዎ፣ ይማሩኝ።

ዋፊቃ


አዳማ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዋፊቃ፤

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ዳሊያ ነግራሻለች፣ አውቃለሁ። ከእኔም ስሚው ብዬ ነው። እቴቴሽ ፋዲላ ጥር 27 ንጋት ላይ ሄደች። ስኳሩ ወደ ኩላሊቷ ወርዶ ነበር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ምን እንዳለች ግን ማንበብ አቃተኝ። አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃት። ወራት ሙሉ ስላልጻፍኩልሽም አትዘኚብኝ።

ቀብሩ ላይ ሰው ብዙ ነበር። ከአርሲ ነገሌ ድረስ መጥቷል። አብዱልሃኪምም ከሞጆ መጣ። ማንም አላባረረውም፤ ይህን እንድታውቂ እፈልጋለሁ። ቃሬዛውን ከፊት ተሸከመ። ጥቂት እንደሄድን ኑዕማን ትከሻውን ነካ አድርጎ ተቀበለው። መቀባበል ደንብ ነው። በጆሮው የሆነ ነገር አለው። አብዱልሃኪም ዞሮ ወደ እኔ አየ። ጀናዛ ፊት ምን ልበለው? መሬት መሬቱን አየሁ። ከዚያ ከሰው ተለይቶ ቀድሞ ወደ መቃብሩ ሄደ።

ስንደርስ ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቶ ይቆፍራል። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። እንደ ልጅ ቆፈረላት አልኩ በልቤ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ፋዲላን ስናወርዳት ግን አልነበረም። ለተዕዝያ፣ ለለቅሶውም አልተቀመጠም። ዳሊያ ሆዷ ገፍቶ በሴቶቹ በኩል ገብታ ነበር፣ በማግስቱ ሳትሰናበተኝ ሄደች።

ምን እንዳስቀየማቸው ሰው አይነግረኝም። ኑዕማንን ብጠይቀው እጁን ያወዛውዛል። ቢሊሴን ጠየቅኳት፤ "ኦቦ ኡበይደላ፣ እኔ ሴት ነኝ፣ መቃብር አልሄድኩም" ብላ ጻፈችልኝ። ፊቷ ግን የምታውቅ ሰው ፊት ነበር። አንቺ የምታውቂ ከሆነ እባክሽ ንገሪኝ።

አጎትሽ ኡበይደላ


ካሰል፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፤

አላህ ሶብሩን ይስጥዎ፣ ለእኔም ይስጠኝ። ያሳደገችኝን አፈር ሲያለብሷት አልደረስኩም። ከሥራ ፈቃድ እየለመንኩ ሳለ እዚያው ቀብራችሁ ጨረሳችሁ።

የጠየቁኝን ከዳሊያ እንደሰማሁት እነግርዎታለሁ። ኑዕማን ያለው ይህን ነው፤ "አንተ ጉልበት አለህ። ይህን ለዘመድ ተውና ወደ ቁፋሮው ሂድ።" ባሪያ አላለውም። ቃሉን ሳያወጣው ሰጠው። አብዱልሃኪም ወደ እርስዎ የዞረው ለዚህ ነው። እንደማይሰሙ ያውቃል። ቢሆንም አንድ እጅ ቢያነሱ፣ ተወው ቢሉ ይበቃው ነበር።

ቁፋሮውን ሲጨርስ እቴቴን ሊቀበላት እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ቆመ። አማቿ ነው፣ መሕረሟ ነው። በሸሪዓው በእጁ ይዞ ሊያወርዳት ከሚፈቀድላቸው ጥቂት ወንዶች አንዱ እሱ ነው። "ውጣ" አሉት። በእሱ ቦታ የገባው ኑዕማን ነው፤ የባሏ የወንድም ልጅ፣ ለእሷ ባዳ የሆነ ሰው። ዘመድ ሃይማኖቱን ረግጦ አለፈ፣ ማንም አልጮኸም። እርስዎ ጉድጓዱ አጠገብ ቆመው ነበር። ይህንን ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግም ነበር፣ አጎቴ።

ሌላም ያላወቁት አለ። እቴቴ የኒካሑ ቀን አልታመመችም። ሞጆ ነበረች፣ የዳሊያን እጅ ይዛ። ከዚያ በኋላም እህቴ ቤት እያለች የምትሄደው እነሱ ጋ ነበር። እግሯ ሲያብጥ አብዱልሃኪም ውሃ አሙቆ በጨው ያሽላት እንደነበር በስልክ ነግራኛለች። "ኡበይደላ ይህን ቢያይ" ትል ነበር። ሊነግሩዎት ፈሩ። እርስዎን መፍራታቸው ነው የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም እርስዎ ክፉ ሰው አይደሉም።

እኔ አሁንም በዚያችው ክፍል ነኝ። በሐምሌ እመጣለሁ ኢንሻአላህ። እርስዎንም መቃብሯንም አያለሁ። የማርፈው ግን ሞጆ ነው።

ዋፊቃ


አዳማ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዋፊቃ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። የሐምሌን መንገድሽን አላህ ያቅናልሽ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ኑዕማንን አስጠራሁት። ያልሽውን ፊት ለፊት ጠየቅኩት። ቀስ ብሎ፣ ከከንፈሩ እንዳነበው አድርጎ "ጉልበት አለህ ማለት ስድብ ነው?" አለኝ። ከቤቴ እንዲወጣ አደረግኩ። ከአቦምሳ ዘመድ አሁን የሚጠይቀኝ የለም።

ዳሊያ ሴት ልጅ መውለዷን የነገረችኝ ቢሊሴ ናት። ትናንት ተነስቼ ሞጆ ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የሄድኩት፤ ይህን እመኚኝ። ቤታቸው ከጥገናው ጀርባ ነው። አብዱልሃኪም ከመኪና ሥር ወጥቶ ሲያየኝ እጁን በጨርቅ ጠርጎ መጣ። እንደ ድሮው ዝቅ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። በረንዳው ላይ ወንበር አወጣልኝ። ዳሊያ አልወጣችም። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ይቅር በለኝ አልኩት። ድምፄ ምን ያህል እንደወጣ አላውቅም፤ መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች ዞረው አዩን። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ ልጅቷን በፎጣ ጠቅልሎ አመጣት፣ አርባዋ እንኳ አልሞላም። በክንዴ ላይ አስቀመጣት። ስሟን ነገረኝ።

ልጄ፣ የቀረውን ለማንም አልነገርኩም። በእኛ ዘንድ ሕፃን ሲወለድ የጆሮው ጫፍ ይታያል፤ ሲያድግ የሚይዘው የቆዳ መልክ ከዚያ ይታወቃል ይባላል። ዳሊያም ስትወለድ ታይቷል፣ አንቺም። እኔ ያችን ልጅ ስቀበል ዓይኗን አላየሁም። አፍንጫዋ የፋዲላ መሆን አለመሆኑን አላየሁም። እጄ ፎጣውን ገለጥ አደረገ፣ ዓይኔ ወደ ጆሮዋ ጫፍ ሄደ። ይቅርታ የጠየቅኩበት አፌ ገና አልደረቀም ነበር። ቀና ስል አብዱልሃኪም እያየኝ ነው።

አልተቆጣም። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። እጁን ዘርግቶ ልጅቷን ከክንዴ አነሳት፣ ፎጣውን በጆሮዋ ላይ መለሰው። "ብርድ እንዳይመታት" አለኝ። ይህንን ከከንፈሩ በደንብ አነበብኩት። በግንቦት ሞጆ ብርድ የለም።

ይዟት ገባ። ጥቂት ቆይቼ ተነሳሁ።

ስሟን ሲነግረኝ አልያዝኩትም ነበር፣ እንዲደግምልኝ ልጠይቀው እያሰብኩ ነው ያ ነገር የሆነው። አንቺ ታውቂው ይሆናል። ጽፈሽ ላኪልኝ።

አጎትሽ ኡበይደላ